የማንኪያ ሰዎችና የደሴ በረዶ

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬም ስለ ማንኪያ ሰዎች ነው፤ ከልጆቹ ጋር በምናባችን ስለምንሠራቸው፣ ፈረንጆቹ ፌሪ ስለሚሏቸው ትንንሽ ክንፋም ሰዎች። «ኧረ ሌላ ወሬ አምጣ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አብሽሩ፣ አጭር ነው። አጭር ነው ስል የሚሆነውን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ክብደታቸውን ጨርሰን ነበር፣ ግን ለዛሬው ስለሚያስፈልገኝ ልድገመው። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 40 ኪሎ የሆነ ልጅ ውሰዱ። ቁመቱን ለ20 ስታካፍሉት 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ክብደቱ ግን ለ20 አይካፈልም፤ ርዝመቱም ወርዱም ውፍረቱም አብረው ስለሚያንሱ የሚካፈለው ለ8,000 ነው። 5 ግራም ቀረ። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ። ቆዳው ደግሞ የሚያንሰው 400 ጊዜ ብቻ ነው። እና ለእያንዳንዱ ግራም ሥጋ ከልጁ 20 እጥፍ የሚሆን ቆዳ ይደርሰዋል፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው።

አሁን ይሄንን ፍጥረት የኅዳር ሌሊት ጦሳ ተራራ ላይ አሳድሩት። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ጦሳ ከዚያም በላይ። ሌሊቱን ሙሉ ካልበላ አያነጋም። መውጫው አንዳንድ ትንንሽ ወፎች የሚያደርጉት ነው፦ ሲመሽ የሰውነታቸውን ሙቀት ዝቅ፣ የልባቸውን ምት ቀነስ አድርገው ድርቅ ብለው ያድራሉ፣ ሲነጋ ሞቅ ሞቅ እያሉ ይነሳሉ። ልጆቹ ይሄን በጣም ወደዱት። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ላይ ደረስን። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የበረዶ ጠጠር ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች። የማንኪያ ሰው ክብደት አንድ አሥረኛ። ለ40 ኪሎው ልጅ ከሰማይ 4 ኪሎ ድንጋይ እንደወረደበት ቁጠሩት። ይሄን እያልኩ አንዷ፣ «ታዲያ በረዶ ሲጥል ስንቱ ይሞታል?» አለች። ከኋላዋ ያለው ልጅ ቀደመኝ፦ «አይሞቱም፣ ፌሪ ናቸው እኮ!» ዞር ብላም አላየችው። እርሳሷን እየቀረጸች፣ «ካልሞቱማ ለምን ይበላሉ?»

…ለምን ይበላሉ።

ልጅቷ እኮ አልቀለደችም። ለመከራከርም አልነበረም፣ ድምፅዋም ከፍ አላለም። እርሳሱን ቀርጻ ጨርሳ፣ ጫፉን በጣቷ ሞከረችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች። ብርዱ፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ቁጥሩ ሁሉ የቆመው መሞት ስለሚቻል ነው። እሱን ካወጣችሁት ክንፉም ጌጥ ነው፣ የሚበሉትም ጌጥ ነው። ካስገባችሁት ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ደብተር ላይ «የሚገድሏቸው ነገሮች» የሚል ዓምድ ትከፍታላችሁ። ወላጆቹ በበኩላቸው «ጅኒ እያስተማራችሁብን ነው?» እያሉ ነው። ጅኒ አይደለም፣ ሥነ ሕይወት ነው ብትል ማን ይሰማሃል።

ክንፍ ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዝ አገር ኮቲንግሊ የሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1917 ሁለት የአክስት ልጆች፣ አንዷ 16 ሌላዋ 9 ዓመቷ፣ ከወረቀት የተቆረጡ ፌሪዎችን በባርኔጣ መርፌ ተክለው ፎቶ ተነሱ። ስንቱ አመነ! የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ ኮናን ዶይል ሳይቀር። ልጆቹ ወረቀት መሆኑን ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። እና ፎቶውን ስታዩት ከኋላ ያለው ፏፏቴ ደብዝዟል፣ ክንፎቹ ግን ጥርት ብለዋል። የሚርገበገብ ክንፍ በዚያ ካሜራ ጥርት ብሎ አይወጣም! ስለዚህ ስዕል ላይ ክንፉን በጥቁር መስመር አትክበቡት። በእርሳስ ቀባ አድርጋችሁ በጣት አሹት፣ በቃ።

ሌሊት የመጣው ዱካ የሚቀርበትን የአመድ ትሪ የጠየቃችሁኝ፣ አመዱን በወንፊት ንፉት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። መሐሉ ላይ በቆርኪ የስኳር ውሃ፣ 1 ማንኪያ ስኳር ለ4 ማንኪያ ውሃ። ትሪውን የተደፋ ኩባያ ላይ አስቀምጡ፣ ኩባያውን ውሃ ያለው ሳህን ውስጥ፤ አለዚያ ጉንዳን ነው የሚወርሰው። ደጅ ካሳደራችሁት ጤዛው አመዱን ያጋግረዋል፣ ስለዚህ ከጣሪያ ጫፍ ሥር ይሁን። ጠዋት የጢንዚዛ ዱካ ታገኛላችሁ። ልጆቹ የማን እንደሆነ ይከራከሩ፣ አትንገሯቸው።

እና ለልጅቷ… «ይወርዳሉ» አልኳት። የቦርከናን ወንዝ ተከትለው ወደ ኮምቦልቻ። 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ 4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ አበባም አይጠፋም። እውነትም ያስኬዳል፣ መሐል መንገድ ሐረጎ ላይ ነፋሱ ካልመለሳቸው። ግን ያልጠየቀችኝን ነው የመለስኩት፣ አይደል? በረዶ ኮምቦልቻም ይጥላል። ወይ ደግሞ ቁጥር ልስጣት… ከስንቱ ስንቱ ይሞታል? ከየት አመጣለሁ፣ መጀመሪያ ስንት እንደሚወለድ ማወቅ አለብኝ።

እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እጅም ክንፍም ካላቸው ከአጥንታሞቹ አይመደቡም፤ አራት እግርና እጅ ላይ ክንፍ የጨመረ አጥንታም እንስሳ የለም። ወደ ነፍሳት ይሄዳሉ። እንደ ቢራቢሮ ከሆኑ እንቁላል፣ ከዚያ ትል፣ ከዚያ ሙሽሬ። ማለት… የማንኪያ ሰው ልጅ ትል ነው። ጎመን የሚበላ። ይሄን ለልጆቹ… እንጃ። ያቺ ልጅ ትቀበለኝ ይሆናል። ያኛው፣ «ፌሪ ናቸው እኮ» ያለው ግን…