ቀማኛና ጉማሬ፦ መኪና ውስጥ ባለ ዕቃ ራስን መከላከል

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ድምፄ ትንሽ ጎርነን ብሏል። ምክንያቱን ኋላ ትሰሙታላችሁ። ሚጥሚጣ አለበት።

ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ከኋላዬ ጣና ነው። ንፋሱ ድምፄን ከቆራረጠው ይቅርታ፣ ደህና ማይክ ገና አልገዛንም። ሰብስክራይብ አድርጉና እንገዛለን።

የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። መኪናህ ውስጥ ተቀምጠሃል። አንድ ሰው በሩን በርግዶ «ውረድ!» አለህ። መሣሪያ የለህም። ያለህ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፣ የቡና ፔርሙዝና የልጅ ቦርሳ ነው። ምን ታደርጋለህ?

መልሱን ከመናገሬ በፊት ስለ ጉማሬ ላውራ። ቆይ፣ እንዳትዘሉት! ጉማሬው ካልገባችሁ ሌላው አይገባችሁም።

[አባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ይታይ]

ይሄ አባይ ከጣና ሲወጣ ነው። ያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ፣ 380 ሜትር። እዚህ አካባቢ በማለዳ ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ ታያላችሁ። መጀመሪያ ድንጋይ ይመስላችኋል። ከዚያ ድንጋዩ ጆሮውን ያራግፋል።

ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው። ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ሣር ነው የሚበላው፣ የእናንተ ሥጋ ምኑም አይደለም። ግን ከ1,000 ኪሎ በላይ ነው። በየብስ ሲሮጥ ደግሞ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እኔ ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ እንኳ ግማሹን አልደርስም።

ታዲያ ሣር በል ከሆነ ሰው የሚገድለው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሰው ሳያውቅ በጉማሬውና በውሃው መካከል ይቆማል። ጉማሬው ይደነግጣል። ሲደነግጥ የሚታየው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ወደ ውሃው። መንገዱ ላይ ደግሞ አንተ አለህ። አለቀ።

አጎቴ ልጅ ሆነን ምን ይለን ነበር? «ጉማሬ ስታዩ ድንጋይ አትፈልጉ። ውሃው በየት በኩል እንደሆነ ፈልጉ።» ውሃው ወዲህ ከሆነ እናንተ ወዲያ። መንገድ ልቀቁለት።

አሁን ደግሞ ታንኳ ቀዛፊውን ተመልከቱ። የደንገል ታንኳ ላይ ነው ያለው። ደንገል ማለት ሣር ነው በሉት! በእጁ መቅዘፊያ አለ፣ ረዥም፣ ጠንካራ። ጉማሬ ብቅ ሲል በመቅዘፊያው ይመታዋል? ያበደ ካልሆነ አይመታውም። በዚያው መቅዘፊያ ቀዝፎ ይርቃል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። አንዱ ይመታበታል፣ አንዱ ይርቅበታል። ወደ ቤቱ የሚገባው የራቀው ነው።

መኪና ቀማኛም እንደዚያ ነው። እሱም ደንግጧል፣ ልቡ ከአንተ ልብ በላይ ይመታል። ለእሱ ጣናው መኪናህ ናት። አንተ በእሱና በጣናው መካከል ከቆምክ፣ ነገሩን ጨርሼዋለሁ፣ ጉማሬውን አስቡ።

«እና መኪናዬን ዝም ብዬ ላስረክብ?» አዎ። አውቃለሁ፣ ያማል። ዛሬ ያረጀች ቪትዝ ስንት እንደምትጠራ እኔም ሰምቻለሁ። ስምንት ዓመት እቁብ ጥሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ግን መኪና ኢንሹራንስ አለው፣ መለዋወጫ አለው። አንገት መለዋወጫ የለውም።

እሺ፣ ቶሎ ቶሎ ልበል፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። በር ተቆልፎ ነው የሚነዳው። ስትቆሙ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ መሬት ሲነካ እስኪታያችሁ ድረስ ቦታ ተዉ፣ ጠምዝዞ ለመውጣት። ጭር ያለ ቦታ ከኋላ ገጨት አድርጎ «ውረድና እንይ» ቢልህ አትውረድ፣ ሰውና መብራት ወዳለበት ንዳ። መሣሪያ ከያዘ እጅህን አሳየው። የምታደርገውን ቀድመህ ተናገር፤ «ቀበቶዬን ልፈታ ነው» በል። ፍታ፣ ውረድ፣ ራቅ። ከኋላ ልጅ ካለ ከአፍህ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ልጄን ላውርድ» ይሁን። አብረኸኝ ትሄዳለህ ካለህ ግን ያኔ ነገሩ ተቀየረ። ዕቃዎቹ ለዚያች ሰዓት ናቸው።

የመጀመሪያው ክላክስ ነው። ተጭነህ አስጩኸው፣ አትልቀቅ። ቀማኛ የሚጠላው ሕዝብ ነው።

ቁልፍ። በጣትህ መሃል አድርገህ ልትቦጭቀው አታስብ፣ የሚሰበረው የአንተ ጣት ነው። አርቀህ ወደ አንድ በኩል ወርውር፣ አንተ በሌላው በኩል ሩጥ። እሱ መምረጥ አለበት። ቁልፉን ይመርጣል።

ቦርሳ ጋሻ ነው፣ በእጁና በአንተ መካከል ይግባ። ጃንጥላ ታጥፎ ደረቱን ለመግፋት ነው፣ ለመምታት አይሆንም። ፔርሙዝ? ክዳኑን ፈትተህ እስክትጨርስ በረካ ይደርሳል። ዱላ? የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ዱላ እወዳለሁ። ግን ቪትዝ ውስጥ ዱላ አንሥታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ጣሪያውን ነው የምትመቱት።

የእኔ ምርጫ እሳት ማጥፊያ ናት። ለቦሎ ብለን የምንገዛት ያቺ ቀይ። ዱቄቱ ሜትሮች ርቆ ይሄዳል፣ ዓይኑን ይጋርደዋል፣ ትንፋሹን ያቋርጠዋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ አገኘህ ማለት ነው። መሮጫ ናት፣ መቅዘፊያዋን አስታውሱ። የት ነው ያስቀመጣችኋት? ከኋላ፣ የጤፉ ጆንያ ሥር። አውጧትና ከሾፌሩ ወንበር ሥር ትሁን።

አሁን ወደ በርበሬው። ባለፈው ሳምንት ይሄን ርዕስ ልሠራ ነው ብዬ ስናገር የጻፋችሁልኝ ሁሉ አንድ ነገር ነው። «ሚጥሚጣ በእጅህ ያዝ፣ ዓይኑ ላይ በትን!» አንዲት እህት እንደውም «እኔ ዳሽቦርዴ ላይ በብልቃጥ አለኝ» ብላለች። እህቴ፣ ብልቃጧን ወደ ማዕድ ቤት መልሺያት። ልንገርሽ ለምን እንደሆነ።

በጣና ዳር መንገድ ላይ ነሽ። ቀን ነው፣ ሐይቁ በግራሽ ነው። ቀን ቀን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። የሾፌር መስኮት ደግሞ በግራ ነው። ቀማኛው በዚያ በኩል ቆሟል። ሚጥሚጣውን ወደ እሱ በተንሽ። ንፋሱ ማንን ነው የሚያግዘው?

«መስኮቱ ቢዘጋስ?» ብሎ የጠየቀ አለ። እሱንም ሞከርኩት! ከጓደኛዬ ጋር፣ በእህቴ ባል ቪትዝ፣ ቆማ ሳለች። እሱ ቀማኛ ሆነ፣ ጋቢና ገባ። እኔ አንድ ጭብጥ ሚጥሚጣ በተንኩ። ቀማኛው ወዲያው በሩን ከፍቶ ወጣ። እኔስ? መሪውና ቀበቶው ይዘውኝ ቀረሁ። አስነጠስኩ፣ አለቀስኩ፣ የበሩን እጀታ በዳሰሳ ፈለግኩ። ጓደኛዬ ከውጭ ሆኖ ይስቃል። እውነተኛ ቀማኛ ቢሆን ኖሮ ማን በማን ላይ ይስቅ ነበር? ያው።

በዚያ ላይ ፊቴን በውሃ ታጠብኩ። ባሰ! የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፣ ዘይት ነክ ነው፣ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ያባሰው ማሸቴ ነው፣ በእጄ ሁሉም ቦታ ቀባሁት። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፣ ረጅም ጊዜ ውሃ አፍስሱበት፣ ቆዳውን በሳሙና እጠቡ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ አትኩሩ።

ሌላም ጥያቄ ነበረ፣ የወንበር ራስ መደገፊያ የሚነቀለው መስኮት ለመስበር ታስቦ ነው የሚል። አይደለም። ከፍና ዝቅ እንዲል፣ ሲያስፈልግም እንዲወጣ ነው። ብረቱ የጎን መስኮት ጥግ ላይ ሊሠራ ይችላል። የፊተኛው መስታወት ግን በሁለት ብርጭቆ መካከል ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም።

ሕጉን የጠየቃችሁም አላችሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል ነው። ጥቃቱ እየደረሰ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ሌላ መውጫ ሲጠፋ፣ ተመጣጣኝ ከሆነ ይፈቀድልሃል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ያለፈውን ይመለከታል። የሸሸውን ሌባ ሦስት መንደር አባርረህ በጎማ መፍቻ ብትደበድበው፣ ያ መከላከል ነበር ብለህ ዳኛ ፊት አትቁም።

የባጃጅ ሾፌሮች፣ አልረሳኋችሁም። እናንተ በር የላችሁም፣ አደጋው ደግሞ ከጀርባ ነው። ለብቻው ቪዲዮ ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው። ደወሏን ተጫኑ።

ቪትዟን አጥቤ መልሻለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ትናንት ግን የእህቴ ባል ደወለልኝ። «ይቺ መኪና ማራገቢያዋ ሲበራ ልጆቹ ያስነጥሳሉ፣ ምን ይሆን?» አለኝ። አቧራ ይሆናል ብዬዋለሁ። ይሄን ቪዲዮ እንዳትልኩለት።