ገመናዋን ራሷ ያወጣች ሴት
(ናሽቪል ውስጥ በኢትዮጵያውያን የፊልም ምሽት፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የተደረገ ንግግር)

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኮሚቴው «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብሎኛል። ባለፈው ጊዜ ማይክ የያዘው ሰው ምን እንዳደረገን ስለምታስታውሱ አልፈርድባቸውም።

የዛሬው ፊልም «ኮል ማይነርስ ዶተር» ይባላል። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው ልጅ እንደማለት ነው። የወጣው በ1980 ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትምታቱ። ታሪኩ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኟ የሎሬታ ሊን ነው። እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ባለቤቴ ትንገራችሁ።

ፊልሙን ሳቀርብ ከኮሚቴው አንዱ «ካንትሪ ደግሞ ለኛ ምናችን ነው?» አለኝ። ወንድሜ፣ የምትኖረው እኮ የካንትሪ መዲና ናሽቪል ነው! ስንቶቻችን ነን ኮፍያና ቡት ያደረገ ቱሪስት ከኤርፖርት ብሮድዌይ ጎዳና እያመላለስን ልጅ ያሳደግነው? የቤት ኪራያችንን የከፈለልን ካንትሪ ነው። አንድ ፊልም ማየት ይከብደናል?

ሎሬታ በ1932 ኬንታኪ ውስጥ ቡቸር ሆለር በሚባል የተራራ መንደር ተወለደች። ከስምንት ልጆች ሁለተኛዋ ነች። አባቷ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ዱሊትል የሚባል ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጎረምሳ አገባት። ፊልሙ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር ይላል። እሷም እንደዚያ ስትል ነው የኖረችው። በ2012 ግን ሰነዶቿ ወጡና ስታገባ 15 ዓመቷ እንደነበር ታወቀ። ዕድሜዋን ቀንሳ ኖሯል! እዚህ አዳራሽ ውስጥ የፓስፖርት ዕድሜውና እናቱ የምታውቀው ዕድሜ የሚለያይ እጁን ያውጣ ብል... ይቅር፣ ተዉት።

ባሏ ከአገሯ አውጥቶ ወደ ዋሽንግተን ስቴት፣ ካናዳ ጠረፍ ድረስ ወሰዳት። በ20 ዓመቷ የአራት ልጆች እናት ነበረች። እዚያ እያሉ የ17 ዶላር ጊታር ሲርስ ከሚባለው ሱቅ ገዛላት። ፊልሙ ላይ እሷ ስትጠብቅ የነበረው የጋብቻ ቀለበት ነው። ጊታሩን ስታይ ፊቷን ልብ ብላችሁ እዩት። ሌላው ቢያመልጣችሁ ይሄ እንዳያመልጣችሁ።

በ1960 የመጀመሪያዋ ሸክላ ወጣ። አስተዋዋቂ የላቸው፣ ብር የላቸው። ባልና ሚስት መኪና ውስጥ እያደሩ፣ ሳንድዊች እየበሉ፣ ከአንዱ ሬዲዮ ጣቢያ ወደ ሌላው ሸክላዋን ይዘው ዞሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እዚሁ ናሽቪል ራይማን አዳራሽ፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው ስመ ጥር የካንትሪ ሬዲዮ ዝግጅት መድረክ ላይ ወጣች። ራይማን! ያ ድሮ ጸሎት ቤት የነበረው፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮቹ እስካሁን ያሉት። በሩ ላይ ስንት ሰው አውርደናል? ገብቶ ያየውስ ስንቱ ነው?

ይሄን ሁሉ ግን ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ፊልም ሲወጣ ሎሬታም ባሏም በሕይወት ነበሩ። ልብ በሉ። ዱሊትል ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ኖሯል። ፊልሙ ላይ ደግሞ ሰክሮ ይመጣል፣ ይማግጣል፣ በጥፊ ይላታል። ከማንም በፊት ድምፅዋን ያመነባት፣ እንቢ እያለች ገፍቶ መድረክ ላይ ያወጣትም እሱ ነው። ሁለቱም አለ። አንዱን ለማሳመር ሌላው አልተቆረጠም።

ለነገሩ ከፊልሙ በፊትም አልደበቀችም። በ1967 አንደኛ የወጣላት ዘፈን ሰክሮ እየመጣ ፍቅር የሚፈልግ ባልን አርፈህ ተቀመጥ የሚል ነው። በ1975 ስለ ወሊድ መከላከያ ክኒን ዘፈነች። የስድስት ልጆች እናት ነች እንግዲህ፣ ማን ይከለክላታል? ብዙ ሬዲዮ ጣቢያዎች አናጫውትም አሉ። ሕዝቡ ግን ገዛው።

የምትጫወታትን ተዋናይትም የመረጠችው ራሷ ነች። ብዙ ፎቶ ቀርቦላት ሲሲ ስፔሴክን አየችና «እሷ ነች» አለች። ሲሲ ገና እሺ ሳትል ሎሬታ በቴሌቪዥን አወራችው! ሲሲም አብራት ዋለች፣ አነጋገሯን ተማረች፣ ፊልሙ ላይ ያሉትን የሎሬታ ዘፈኖች በራሷ ድምፅ ዘፈነች። ፕሌይባክ የለም። በ1981 ኦስካር ወሰደችበት።

አሁን ወደኛ ልምጣ።

እዚህ ከተማ አንዲት እናት አሉን። ስማቸውን አልጠራም። ትናንት ደውዬ «ልናገረው ወይ?» ብያቸው «ስሜን ካልጠራህ ተናገር፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል» ብለውኛል። በሰዓት እላፊ ዘመን አዲስ አበባ ናይት ክለብ ይዘፍኑ ነበር። በሩ ተቆልፎ እስኪነጋ የሚዘፈንበት ጊዜ፣ ታላላቆቻችን ታስታውሱታላችሁ። በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ካርቱም ሰው ቤት ሠርተው፣ እዚህ ደረሱ። የስንቶቻችንን ሠርግ ዘፍነው ድረውናል። አንድ ቀን ቡና እያፈሉ ስለ መጀመሪያ ባላቸው አጫወቱኝ። የመድረክ ቀሚሳቸውን በመቀስ ቆራርጦ፣ አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። እሳቸው ያወቁት ማታ ሊለብሱት ሲያወጡት ነው። የዚያን ዕለት የጓደኛቸውን ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ አጥብበው ዘፈኑ። መርፌ ቁልፉ ጎናቸውን ሲወጋቸው አመሸ። «ከዚያ ማታ የተሻለ ዘፍኜ አላውቅም» አሉኝ።

ይሄ ፊልም አይደለም?

ጥቂት ሰዎች ተነጋግረን ታሪካቸውን እንቅረጽ አልን። ካሜራ ተዋስን። ቀጠሮው ቀን ልጆቻቸው ወረቀት ይዘው መጡ። የማይነሱ ነገሮች ዝርዝር! ስለ አባታችን አይነሳ። ስለ ካርቱም አይነሳ። ናይት ክለቡ «ሆቴል» ይባል። እናትየው ወረቀቱን በመነጽራቸው አንብበው ሲያበቁ «ታዲያ ለኔ ምን ቀረልኝ?» አሉ። የቀረላቸው ምስጋና ነበር። ፈጣሪን አመሰገኑ፣ ማኅበሩን አመሰገኑ፣ እኛን አመሰገኑ። ቪዲዮው አለኝ። ማንም አይቶት አያውቅም፣ እኔም ከግማሽ በላይ አልዘለቅኩትም።

ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። ሁላችንም ነን! ሰው በሕይወት እያለ «ገመና አይወጣም» እንላለን። ሲሞት ደግሞ ድንኳን ተክለን የሕይወት ታሪክ እናነባለን፤ ሁሉም ሰው ደግ፣ ሁሉም ሰው ሃይማኖተኛ፣ ሁሉም ሰው ለተቸገረ ደራሽ! አንድም ሰክሮ የገባ የለም፣ አንድም በጥፊ የተመታች የለችም። እኔ ግን ስንቱን ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ያለቀስኩለትን ሰው እዚያ ወረቀት ላይ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም! ገመናው እኮ የባለቤቱ ነው። ላውጣው ካለ የማን ፈቃድ ነው የሚጠየቀው? የኛ? እኛ ማን ነን?

እሺ፣ ሰዓት እያሳዩኝ ነው።

ሁለት ነገር ብቻ። ፓትሲ ክላይን የምትባል ዘፋኝ ትመጣለች። መኪና አደጋ ደርሶባት ሆስፒታል ተኝታ፣ ሎሬታ ብሮድዌይ ከነበረው የካንትሪ ዘፋኙ የኧርነስት ተብ ሸክላ ቤት በሬዲዮ ስትዘፍንላት ሰምታ ነው ያስጠራቻት። በ1963 አውሮፕላን ተከስክሶ እስክትሞት ድረስ እንደ እህት ሆኑ። ኧርነስት ተብ ፊልሙ ላይ ራሱን ሆኖ ይሠራል።

ሌላው፣ የአባትየውን ቦታ የያዘው ሰው ሌቮን ሄልም ይባላል። ሙያው ከበሮ መቺ ነበር፣ ተዋናይ ሆኖ ፊልም ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። ልጁን ባቡር ጣቢያ ሲሸኛት ስታዩ እናንተን ቦሌ የሸኛችሁ ሰው ትዝ ቢላችሁ እኔን አትቆጡ። ሶፍት በር ላይ አለ።

ቡናው ከፊልሙ በኋላ ነው፣ በመሃል እንዳትነሱ። ስልክ ይዘጋ።

እናቴ፣ ዛሬም እንደመጡ አይቻለሁ። ካሜራው አሁን የራሳችን ነው፣ ገዝተነዋል። ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ልጆቹ ቢመጡ ደስ ይለናል፣ ወረቀቱን ግን ቤት ይተዉት።

መብራቱን አጥፉልን፣ ይጀመር።