ጠርሙሱን ለሥራው መምረጥ፦ ከ35 ዶላር በታች ያሉ ራይ ዊስኪዎች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በባር፣ በምግብ ቤትና በመጠጥ መደብር የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ደንበኛ "ማንሃተን፣ በራይ" ይላል፣ በራይ ዊስኪ የሚሠራውን የማንሃተን ኮክቴል ማለቱ ነው፤ ባርቴንደሩ እጁ የደረሰበትን ጠርሙስ ያነሳል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያች ጠርሙስ ነው። ከ20 እስከ 35 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ አንዱን ራይ ከሌላው የሚለየው ዋጋው አይደለም። የሚለዩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ከእህሉ ስንት እጁ ራይ ነው? መጠጡስ ስንት በመቶ አልኮል ነው? እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው በ28 ዶላር ጠርሙስ ሰው የሚመለስበት ኮክቴል ይሠራል። ያልያዘ ሰው የ60 ዶላሩንም ያበላሻል።

ራይ ከስንዴና ከገብስ ወገን የሆነ፣ ብርድንና ድሃ አፈርን የሚችል እህል ነው። የዊስኪው አገርም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ ባለው ማውንት ቨርነን ርስቱ ላይ በ1797 ዊስኪ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ሐሳቡን ያመጣለት ስኮትላንዳዊው የእርሻ ሥራ አስኪያጁ ጄምስ አንደርሰን ሲሆን፣ ጉልበቱን የከፈሉት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን የሚጠጋ ወጣ። እህሉ 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበር። በርሜል ውስጥ ሳይከርም፣ እንደ ወጣ ነጩን ነበር የሚሸጡት፤ የአገር ቤት አረቄ የቀመሰ ሰው መገመት አያቅተውም።

ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ሲታገድ የፔንሲልቬንያና የሜሪላንድ ራይ ክፉኛ ተመታ፤ እገዳው ከተነሳም በኋላ እንደ ድሮው አላገገመም። ስሞቹ ግን ተሸጠው ተረፉ። ኦልድ ኦቨርሆልት የፔንሲልቬንያ ነበር፤ ሪተንሃውስ ስሙን ያገኘው ከፊላደልፊያው አደባባይ ነው፤ ፓይክስቪል የሜሪላንድ ነበር። ዛሬ ሦስቱም የሚወጡት ኬንታኪ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለውን ስምና ሥዕል ተዉትና ጠርሙሱን አዙሩ። ሌላ ግዛት ውስጥ የወጣ ዊስኪ ከሆነ የወጣበት ግዛት መጻፍ አለበት። "ኢንዲያና" የሚል ካያችሁ የጠርሙሱ ግማሽ ታሪክ ተነገራችሁ ማለት ነው፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

የአሜሪካ ሕግ ራይ ዊስኪ ቢያንስ 51 በመቶው ከራይ እህል እንዲሆን፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል እንዲቀመጥ፣ ቢያንስ በ40 በመቶ አልኮል እንዲታሸግ ያዛል። "ስትሬት" የሚለው ቃል ሲጨመር ቢያንስ ሁለት ዓመት ከርሟል፣ ቀለምም ማጣፈጫም አልገባበትም ማለት ነው። ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። "ቦትልድ ኢን ቦንድ" የ1897 ሕግ የወለደው ነው፦ በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት የወጣ፣ ቢያንስ አራት ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ባለው መጋዘን የከረመ፣ በ50 በመቶ የታሸገ። ይህ ጽሑፍ በርካሽ ጠርሙስ ላይ ሲገኝ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይታመናል። ካናዳ ይለያል። እዚያ "ራይ" ተብሎ የሚሸጠው ዊስኪ አብዛኛው ከበቆሎ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛችሁ ያን ለምዶ ከመጣና የአሜሪካውን ብትሰጡት "ምን ያቃጥለዋል!" ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቁጥር እንግባ። የርካሽ ራይ ቤተሰብ በሁለት ይከፈላል። የኬንታኪው ወገን ሕጉን ለጥቂት አልፎ 51 በመቶ አካባቢ ይቆማል፤ የተረፈው በአመዛኙ በቆሎ ስለሆነ ጣፈጥ ያለ፣ ከበርቦን፣ ማለትም በአመዛኙ ከበቆሎ ከሚሠራው የአሜሪካ ዊስኪ፣ ብዙ ያልራቀ ነው። ቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ካካዎ ይሸታል። የኢንዲያናው ወገን፣ ሎረንስበርግ ከሚገኘው ኤምጂፒ ይባል ከነበረው ትልቅ ፋብሪካ የሚወጣው፣ 95 በመቶ ራይና 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነው። በቆሎ የለበትም። ሽታው ናና፣ እንስላልና ቁንዶ በርበሬ ነው። ቡሌት ራይ፣ ዲከል ራይ፣ ሪደምፕሽንና ሌሎችም ብዙ ስሞች የወጡት ከዚህ አሠራር ነው። ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎችን አወዳደርኩ ብሎ የአንድ ፋብሪካ መጠጥ በሁለት ብርጭቆ የሚቀምስ ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ኮክቴል ውስጥ የሚሠራውን በስሌት እንየው። ማንሃተን 60 ሚሊ ሊትር ራይ፣ 30 ሚሊ ሊትር ቀይ ጣፋጭ ቬርሙዝ (በቅመም የተዘጋጀ ወይን)፣ ሁለት ዳሽ፣ ማለትም ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ የሚፈስ፣ አንጎስቱራ ቢተርስ (መራራ የቅመም ቅምም) ነው። ቬርሙዙን 16 በመቶ እንበለው። ራዩ 40 በመቶ ከሆነ ንጹሕ አልኮሉ 24 ሲደመር 4.8፣ ማለትም 28.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በበረዶ ስታማስሉት ከመጠኑ ሩብ ያህል ውኃ ይገባል፣ ጠቅላላው ወደ 112 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ብርጭቆው ውስጥ የሚደርሰው መጠጥ 26 በመቶ አካባቢ ነው። በ50 በመቶ ራይ ብትሠሩት ግን 31 በመቶ ይሆናል። በ26ቱ ላይ ቬርሙዙ ራዩን ውጦት ደንበኛው ጣፋጭ ወይን የጠጣ ይመስለዋል፤ በ31ዱ ላይ የራዩ ቅመም እስከ መጨረሻው ጉንጭ ይሰማል። ለኮክቴል 50 በመቶ የምንለው ሰው ቶሎ ይስከር ብለን አይደለም። እንዲያውም ይህ አንድ ማንሃተን 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው፤ በአሜሪካ ልኬት ሁለት መጠጥ ማለት ነው። ሦስተኛውን ከመቅዳታችሁ በፊት ይህን ቁጥር አስቡ።

ወደ ጠርሙሶቹ ስመጣ ፍርዴን ሳልሸፍን እናገራለሁ።

ዌል ላይ፣ ማለትም ደንበኛ የጠርሙስ ስም ሳይጠራ ሲያዝ በሚቀዳበት መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ራይ ብቻ የምታቆሙ ከሆነ ሪተንሃውስ ይሁን። ሄቨን ሂል የሚያወጣው፣ 51 በመቶ ራይ ያለው፣ ቦትልድ ኢን ቦንድ፣ 50 በመቶ። ለማንሃተን ከዚህ የተሻለ በዚህ ዋጋ አላውቅም፤ ትንሽ ውኃ ጠብ ካደረጋችሁለት ለብቻውም ይጣጣማል። ዋይልድ ተርኪ 101 ራይ 50.5 በመቶ ነው። ከሪተንሃውስ ደረቅ ያለና በርበሬው የሚጎላ በመሆኑ ለኦልድ ፋሽንድ ኮክቴልና ለዝንጅብል ሶዳ ይመቻል። ስታዙ ግን ቁጥሩን ጥቀሱ፤ 40.5 በመቶ የሆነ ቀጭን ወንድም አለው፣ መለያቸውም ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ያው ነው ተብሎ ይመጣል። ያው አይደለም።

ኦልድ ፎረስተር ራይ በብዙዎች የተረሳ ነው። 65 በመቶ ራይ፣ 20 በመቶ የገብስ ብቅል፣ 15 በመቶ በቆሎ ሆኖ በ50 በመቶ ይታሸጋል። ይህን ያህል ብቅል በራይ ውስጥ ብዙ አይታይም። አበባና ጎምዛዛ ፖም ያሸታል፣ ስለዚህ ሎሚ ያለበትን መጠጥ ይወዳል። ዊስኪ ሳወር፣ ማለትም 60 ራይ፣ 22 የሎሚ ጭማቂ፣ 22 የስኳር ሽሮፕ ሠርታችሁበት እዩት። በጣፋጭ ቬርሙዝ ግን አላምንበትም፤ አበባው ይጠፋል።

ኦልድ ኦቨርሆልት ከሁሉም የሚረክሰው ነው ማለት ይቻላል። 43 በመቶ የሆነው ለሶዳና ለበረዶ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁት። "ቦንድድ" የሚለው 50 በመቶው ሌላ መጠጥ ነው፣ የሳዘራክ ኮክቴል በደንብ ይሸከማል። ሳዘራክ የተባለው ራይ ራሱ 45 በመቶ ነው፤ ለስላሳ፣ ቅርንፉድና ቫኒላ ያለው። ይህን ከማቀላቀል ይልቅ ለብቻው እያጣጣሙ መጠጣት ይሻላል፤ ስሙን አይታችሁ ለኮክቴል ብቻ የተሠራ አይምሰላችሁ። ጃክ ዳንኤልስ ራይ 70 በመቶ ራይ፣ 45 በመቶ አልኮል፣ በመሃል የቆመ ነው፤ የሙዝ ሽታውን የሚወድ ይወደዋል።

ቡሌትና ዲከል እኩል 45 በመቶ ናቸው። ዲከል በከሰል ተጣርቶ ስለሚያልፍ የእንስላሉ ጠርዝ ይለዝባል። በሳዘራክ ኮክቴል ውስጥ ሁለቱንም አልመርጥም፤ ብርጭቆው በአብሳንት ታጥቦ ስለሚቀርብ፣ በእንስላል ላይ እንስላል ይሆናል። በሎሚና በማር ግን ጥሩ ናቸው።

አሁን ስለሚበላሸው ነገር። "ራዩ መጥፎ ነው" ተብሎ የሚመለስ ማንሃተን በአብዛኛው ጥፋቱ የቬርሙዙ ነው። ቬርሙዝ ወይን ነው። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአንድ ወር፣ ቢበዛ በሁለት ወር ያልቃል። መደርደሪያ ላይ ከከረመ ይኮመጥጣል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጻፉ፤ የማያልቅ ከሆነ 375 ሚሊ ሊትሩን ግዙ።

ቀጥሎ በረዶ። መቅለጥ የጀመረ እርጥብ በረዶ ላዩ ላይ የተሸከመው ውኃ መጠጡ ሳይቀዘቅዝ ያቀጥነዋል። ደረቅና ትልልቅ በረዶ ሙሉ አድርጋችሁ 25 እስከ 30 ሰከንድ አማስሉ። በረዶ ስታሳንሱ መጠጡ ይቀጥናል እንጂ አይበረታም፣ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ይህን ነው። ማንሃተንን አትናጡ፤ አየርና የበረዶ ስብርባሪ ይገባውና ይደፈርሳል። ሎሚ ያለበት ግን ይናጣል።

ኦልድ ፋሽንድ ላይ ያልሟሟ ስኳር ትልቁ ችግር ነው። ስኳር አልኮል ውስጥ ሟሟ ሲሉት እሺ አይልም፤ የመጀመሪያው ጉንጭ መራራ፣ የመጨረሻው ማር ይሆናል። ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ፣ በሚዛን ለክታችሁ ሽሮፕ አዘጋጁ። ለ60 ሚሊ ሊትር ራይ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፣ ሁለት ዳሽ አንጎስቱራ፣ አንድ ትልቅ በረዶ፣ በላዩ የተጨመቀ የብርቱካን ልጣጭ። ነጩን የልጣጩን ክፍል አብራችሁ አትቁረጡ፣ ይመራል።

ለብቻው ሲጠጣስ? 45 ሚሊ ሊትር፣ ያለ በረዶ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ። 50 በመቶ የሆነውን በመጀመሪያ እንዳለ ቅመሱት፣ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ጨምሩበት። ወደ 45 በመቶ ይወርዳል፤ ከአልኮሉ ጀርባ የተደበቀው ቀረፋና ብርቱካን ያኔ ይወጣል። 40 በመቶውን ግን ወደ ላይ የምታወጡበት መንገድ የለም። ለሁለት ሥራ አንድ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ጠንካራውን ይግዛ የምለው ለዚህ ነው።

በወጪ በኩል 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ያለ ብክነት ቢቀዳ 12 ተኩል ባለ 60 መጠን ይሆናል። በ28 ዶላር የተገዛው 2 ዶላር ከ24 ሳንቲም፣ በ20 ዶላር የተገዛው 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይወድቅባችኋል። ልዩነቱ 64 ሳንቲም ነው። ለቤት የምትገዙ ደግሞ አንድ ጠርሙስ በሦስት ቦታ ሦስት ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል አትርሱ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ዊስኪ የሚሸጠው በግዛቱ መደብር ነው፣ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በካውንቲው መደብር፣ ዲሲ ውስጥ በግል ነጋዴ።

ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ በወረቀት የተሸፈኑ አራት ጠርሙሶች አሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ቅዱ፣ በመካከሉ ውኃ ጠጡ፣ የትኛው 51 የትኛው 95 እንደሆነ ጻፉና ወረቀቱን ከዚያ በኋላ አንሱ። መኪና የሚነዳ ሰው ይትፋ፤ ባልዲው የተቀመጠው ለዚያ ነው።