ዴሊት ያደረግኳት ነጥብ

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ። ኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ አይደል? ከሰዓት የላብራቶሪ ሥራ ስላላችሁ ብዙ አላቆያችሁም፣ ራሴ ያበላሸሁትን አንድ ነገር ነግሬያችሁ እለቃችኋለሁ።

እንደናንተ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ዳይናይትሮጅን ፔንታኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሲበታተን የተለካ ዳታ ተሰጠንና አክቲቬሽን ኢነርጂውን፣ ማለት ሪአክሽኑ እንዲካሄድ መውጣት ያለበትን የኃይል ዳገት፣ አውጡ ተባልን፣ ዳታው ኬሚስቶቹ ዳንኤልስና ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጡት ነው፣ መቶ ዓመት አልፎትም ተማሪ ያስለቅሳል። ስድስት ሙቀት ነው ያለው፣ 0፣ 25፣ 35፣ 45፣ 55፣ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሬት ኮንስታንት፣ ማለት የሪአክሽኑን ፍጥነት የሚያሳይ ኬ የሚባል ቁጥር።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ሙቀትን ከሪአክሽን ፍጥነት ጋር የሚያገናኘው የአሬኒየስ ቀመር ነው፣ ሎግ ስትወስዱበት ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ በቁሙ የኬ ናቹራል ሎግ፣ በአግድሙ አንድ ሲካፈል ለሙቀት፣ ሪግሬሽን ትሠራላችሁ፣ ማለት ለነጥቦቹ የሚስማማውን መስመር ታወጣላችሁ፣ ስሎፑን፣ ማለት የመስመሩን ዝንባሌ፣ በጋዝ ኮንስታንቱ በ8.314 ታባዙና ማይነሱን ታነሳላችሁ፣ አለቀ።

እኔ ታዲያ ሴልሺየሱን ወደ ኬልቪን ለመቀየር 273 መደመሩን ረሳሁት። 25 ገባ፣ 35 ገባ፣ ሁሉም ገባ፣ ዜሮዋ ጋ ግን ኤክሴል በዜሮ አላካፍልም ብሎ ኤረር አወጣብኝ። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዴሊት! "ይቺ ዳታ ችግር አለባት" ብዬ። የቀሩትን አምስቱን ፕሎት አድርጌ ትሬንድላይን ስጨምር አር ስኩዌርዱ፣ ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል እንደቀረቡ የሚለካው፣ 0.94 መጣ፣ በቃ ተሳካልኝ ብዬ ሪፖርቱን አስገባሁ፣ አክቲቬሽን ኢነርጂ 1.6 ኪሎጁል በሞል። ትክክለኛው 103 አካባቢ ነው! 1.6 ማለት እኮ ዳገት ሳይሆን የበር ደፍ ማለት ነው፣ ጋዙ ጠርሙስ ውስጥ ሳይገባ ባለቀ ነበር። ያረመኝ ሰው በቀይ "ኬልቪን?" ብሎ ብቻ ነው የጻፈብኝ።

ኬልቪኑን አስተካከልኩ፣ እሱ ቀላል ነው። የገረመኝ በኋላ የገባኝ ነገር ነው፣ ያቺ ዴሊት ያደረግኳት ነጥብ ከስድስቱ ሁሉ መልሱ ላይ ብዙ ክብደት ያላት ነበረች። አንድ ለሙቀት ስትሉ አግድሙ እኩል አይከፋፈልም፣ ቀዝቃዛው ጎን ይለጠጣል፣ ከ0 እስከ 25 ያለው ርቀት ከ35 እስከ 65 ካለው እንኳን ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ዜሮዋ ብቻዋን ጥግ ላይ ቆማ መስመሩን እንደ መቅዘፊያ ጫፍ ይዛዋለች። በእጄ አስልቼዋለሁ፣ የ35 ዲግሪዋ ሬት ኮንስታንት 20 በመቶ ብትሳሳት መልሱ 0.1 ኪሎጁል እንኳን አይነቃነቅም፣ የዜሮዋ በዚያው ልክ ብትሳሳት ግን 2 ኪሎጁል ይዛችሁ ትሄዳለች። ሪግሬሽኑ ሁሉንም ነጥብ እኩል የሚያይ ይመስላል እንጂ አያይም። አር ስኩዌርድማ ይህን አይነግራችሁም፣ በሴልሺየስም 0.94 ሰጥቶኛል፣ እኔ እንደውም ሪፖርት ላይ ባይጻፍ ደስ ይለኛል።

ከሰዓት የምትሠሩት አዮዲን ክሎክ ነው፣ ፈሳሾቹ ተቀላቅለው ከቆዩ በኋላ ድንገት ቀለም የሚቀይሩበት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ያለው ቶሎ ጥቁር ሰማያዊ ይሆንላችኋል፣ ያዝናናል። በረዶ ውስጥ ያለው ግን ያስጠብቃል፣ ተማሪ ደግሞ እዛ ጋ ነው ስልክ የሚያወጣው፣ ቀና ሲል ቀለሙ ተቀይሯል፣ ሰዓት መቁጠሪያው እየሮጠ ነው፣ ከዛ "አካባቢ" ብሎ ይጽፋል። በቃ ጥጓ ነጥብ እንደዛ ነው የምትበላሸው። ሰዓት ካጠራችሁ የመሃሉን አንዴ ሥሩት፣ የበረዶውን ሦስቴ። ቴርሞሜትሩንም በረዶው ውስጥ ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ ነው የምትከቱት፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በረዶው ሁለት ባልዲ መጥቷል፣ በሩ ጋ ነው፣ ሳይቀልጥ እንሂድ።