ሆዷ የሚነካ መኪና

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ስለ መኪና ነው የማወራው። ስለ ሞተር ጉልበት አይደለም ግን። ስለ ሆዷ ነው። ከመሬት ስንት ከፍ ትላለች የሚለውን ማለቴ ነው። ጎንደር ውስጥ ቅንጡ የቤት መኪና ለሚነዳ ሰው ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ያለ አይመስለኝም።

ቁጥሩን እንየው። አብዛኞቹ ቅንጡ ሴዳኖች፣ መርሴዲስ በለው ቢኤምደብሊው፣ ከመሬት ያላቸው ክፍተት ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ላንድክሩዘር 22 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ የመዳፍ ስፋት ቢሆን ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በአስፓልቱ ስትወርድ ትዝም አይልህ። ወደ ቁስቋም በኩል ሽቅብ ስትል ወይ ክረምት የቦረቦረው የሰፈር ኮብልስቶን ውስጥ ስትገባ ግን የዚያች መዳፍ ዋጋ ይገባሃል።

የሠሯት ሰዎች ሳያስቡበት አይደለም ዝቅ ያደረጓት። ዝቅ ስትል ከስሯ የሚገባው ንፋስ ይቀንሳል፣ ኩርባ ላይ አታጋድልም፣ በ200 ስትበር መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። አውቶባን በሚሉት የጀርመን ፈጣን መንገድ ላይ ይሄ ወርቅ ነው። እኛ ጋ ባጃጅ እየቀደመህ በ30 ነው የምትሄደው። ከዚያ ሁሉ ጥቅም የሚተርፍህ ሆዷ ሲፋቅ መስማት ነው።

አጎቴ ረጅም የጀርመን መኪና አላቸው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ቁልፉን ለኔ ይሰጡኛል፤ «መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ» ይላሉ። መንገዱን ማወቅ እዚህ ማለት የትኛው ጉብታ እንደሚያስገባና የትኛው እንደማያስገባ ማወቅ ነው። ሰው ደግሞ ከፍታውን ብቻ ይጠይቃል፣ ርዝመቱን ይረሳል። ረጅሟ የመርሴዲስ ኤስ ክላስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ከ3 ሜትር በላይ ናት፣ አዲሷ ኮሮላ 2.7 ሜትር ናት። ሁለቱ ከመሬት እኩል ቢሆኑ እንኳ ሹል ጉብታ ላይ ቀድማ የምትነካው ረጅሟ ናት፤ የፊት ጎማዋ ተሻግሮ ወርዶ የኋላው ገና ሳይወጣ መሃሏ ጉብታው ላይ ይተኛል።

ሰው ሲጫንባት ደግሞ ሞላው ይረግጣል፣ ያቺው ክፍተት ትቀንሳለች። ጥር ላይ የዘመድ ሰርግ ነበር፣ ያቺን መኪና አበባ አልብሰን ለሙሽሮቹ አቀረብናት። የሙሽራዋ ቤት በር ላይ ቦዩን የሸፈኑበት ኮንክሪት ወደ ላይ አበጥ ብሏል። ቀስ ብዬ ወጣሁ፣ ከስር «ክርርር» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከበሮው ሁሉ ቆመ። «ሚዜዎች ውረዱ!» ተባለ። ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች ወርደው አንዱ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከስር እያየ «ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ግራ» ይለኛል። በር ላይ የቆሙ አንዲት እናት «እኔን! ይቺ መኪና አርግዛለች እንዴ ሆዷን የምትጎትተው?» አሉ። ሙሽራዋ ሳቀች፣ አጎቴ አልሳቁም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በላይ ያለው ነው። መኪናዋ ማንን እንደምንጠይቅ ትመርጥልናለች። አጎቴ አስፓልት ዳር ያለ ዘመድ ቤት ሁሉ ይደርሳሉ። ላይኛው ሰፈር ያለችው አክስቴ ጋ ሲሆን ግን «እሷ ትውረድና እዚሁ ቡና እንጠጣ» ይላሉ። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። መኪና የሚገዛው እኮ ሰው ቤት ለመድረስ ነበር! ይሄን በቀልድ መልክ ነግሬያቸዋለሁ፣ በቀልድ መልክ አለፉት።

መፍትሔ አለው ወይ? በከፊል። በአየር የምትነሳ መኪና ካለችህ ቁልፉን ተጭነህ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ታነሳታለህ። ጥሩ ነገር ነው፣ በሞላ ፋንታ አየር የሚይዘው የላስቲክ ከረጢት እስኪሰነጠቅ ድረስ። የተሰነጠቀ ቀን ትቀመጥልሃለች፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ታውቃለህ። ሞላው ላይ ማስነሻ የሚያስገቡም አሉ። አብዝተህ ካነሳሃት መሪዋም ኩርባ አያያዟም ይበላሻል፣ የገዛኸው ምቾት ይሄዳል። ጎማም አለ፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ፊተኛው ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ኋለኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው፤ 205/55 የነበረውን 205/60 ብታደርገው አንድ ሳንቲሜትር ታገኛለህ፣ ጭቃ መከላከያውን የማይነካ ከሆነ። አንድ ሳንቲሜትር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አነዳድም አለ። ጉብታ ላይ ፍሬን እንደያዝክ አትውጣ፤ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ይደፋል። ቀድመህ አብርድ፣ ጎማው ሲነካ ልቀቅ። መንገዱ ከፈቀደ ሰያፍ ውጣ። ድንጋይ ካየህ መሃል ላይ አታሳልፈው፣ መዞሪያ ከሌለህ ቀስ ብለህ ጎማ አስረግጠው። ጎማ ቢጎዳ ጎሚስታ ሞልቷል። ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ቢቀደድ ግን ዘይቱ እዚያው ይፈስሳል፣ ሳታይ ከነዳህ ሞተሩም ይከተላል።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ገዢው ሁሉ ወደዚያ እየዞረ ነው። ኤሌክትሪክ ሴዳን ላይ ባትሪው ከወለሉ ስር ነው የተነጠፈው። መከላከያ ብረት አለው፣ ልክ ነው። ቢሆንም ኮፓ ይበየዳል፣ ይቀየራል፤ ባትሪ ከመኪናዋ ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው፣ እሱን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ሌላ ነገር ነው።

አጎቴም አንዷን አይተዋል፣ ፎቶዋን ልከውልኛል። ቆንጆ ናት፣ መሬት ልትስም ምንም አልቀራትም። «ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት አራት ሰው ያስቀምጡባትና በሜትር ያስለኩ» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው የመለሱልኝ ስለ ቀለሙ ነው። ነጭ ይሻላል ወይስ ጥቁር?

በሉ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።