መጀመሪያ ማስመሪያውን አንሡ

የተከበራችሁ የሥልጠና ክፍል ኃላፊዎች፣ የመሣሪያ ባለሙያዎች፣ አሠልጣኞችና ሠልጣኞች፤

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «በራስ ላይ የሚጠለቁ ማሳያዎች ከየት ወደ የት» የሚል ነው። እንደ መነጽር ዓይን ላይ አርፈው በኮምፒውተር የተሣለ ምናባዊ ዓለም ስለሚያሳዩት መሣሪያዎች ማለት ነው። ርእሱን አክብሬ ከታሪኩ እጀምራለሁ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስቶን ለሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን በማቅረብ ጥልቀት ያለው አንድ ምስል ማሳየት እንደሚቻል ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1838 ነበር። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አይቫን ሰዘርላንድ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ማሳያ በሰው ራስ ላይ ያዋለው በ1968 ነው፤ የራስን እንቅስቃሴ የሚከታተለው የብረት ክንድ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ጠራ፣ ክብደቱ ቀለለ፣ ገመዱም ቀረ። ስለ እድገቱ የምለው ይህን ያህል ነው። የመጣሁት በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ስላለችው ርቀት ልናገር ነው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያውን የሥልጠና ዙር አብራችሁኝ አሳልፋችኋል። ስድስት ማሳያዎች ለአርባ ሠልጣኞች ይዘን የሠራንበትን ወቅት አትረሱትም። አንዱ ከራሱ አውልቆ ላቡ ሳይደርቅ ለሚቀጥለው ያቀብል ነበር። ሰዓት አናባክንም እያልን ቀበቶውን ብቻ አጥብቀን «ጀምር» እንል ነበር። መዝገባችን ላይ ደግሞ አንድ ዓምድ ነበረን፤ «መሣሪያውን የማይቋቋሙ» የሚል። ያ ዓምድ ዛሬም በብዙ ክፍሎቻችን መዝገብ ላይ አለ። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ስለ እሱ ነው።

በዚያ ዙር አንዲት የነርስነት ሠልጣኝ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ትምህርቱ የደም ሥር ፈልጎ መርፌ ማስገባት ነበር። በመጀመሪያው ቀን አራት ደቂቃ ሳትሞላ ማሳያውን አውልቃ ግድግዳ ተደገፈች። በሁለተኛው ቀን አቅለሸለሻት። በሦስተኛው ቀን «መምህር፣ ክንዱ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ስዘረጋ ደግሞ እጄ ያሰብኩበት ቦታ አይደርስም» አለችኝ። እኔም ለብዙ ሰው የምሰጠውን መልስ ሰጠኋት፤ «ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ» አልኳት። በአራተኛው ቀን ስሟን በዚያ ዓምድ ሥር አሰፈርኩ። ፊርማው የእኔ ነው።

እሷ ግን ተስፋ የምትቆርጥ አልነበረችም። ከሳምንት በኋላ ክፍሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት መጥታ እንደገና ልሞክር አለችኝ። ማሳያውን ሳነሣ ዓይኔ በሁለቱ ዓይኖች ፊት በሚቆሙት ሌንሶች መካከል ያለው ርቀት በሚነበብበት ቦታ ላይ ዐረፈ። 68 ሚሊ ሜትር ይላል። ከእሷ በፊት የሠለጠነው ሰው ፊቱ ሰፊ ነበር፤ ለራሱ ልክ አስተካክሎት ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። ከመሳቢያ ማስመሪያ አውጥቼ ለካኋት። 57 ሚሊ ሜትር። የአሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ዓይኗ ከሌንሱ መካከል አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በሌንሱ ጥግ በኩል ነበር የሚመለከተው። መሣሪያው ወደሚችለው ዝቅተኛ ልክ፣ ወደ 58 አወረድኩት። ሃያ አምስት ደቂቃ ሠራች። ስታወልቅ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ የእኔ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው?»

ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ ተሸክሜው እዞራለሁ። ጥፋተኛ መሆኗን ማን ነገራት? እኛ ነን የነገርናት!

በሌንሱ ውስጥ የሚሆነውን ባለሙያዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አሠልጣኞች ግን በየቀኑ ሰው ራስ ላይ የምታጠልቁት እናንተ ስለሆናችሁ በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በመካከሉ ሲያዩበት ነው። ኮምፒውተሩም ሌንሱ የሚያጎብጠውን ምስል አስቀድሞ የሚያቃናው ዓይን መካከሉ ላይ ነው ብሎ አስልቶ ነው። ዓይን ከመካከሉ ሲወጣ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በነጭና በጥቁር ድንበር ላይ ቀለም ይፈሳል፤ ራስ በዞረ ቁጥር ግድግዳውና ወለሉ የሚዋኙ ይመስላሉ። የሌንሶቹ ርቀት ከሰውየው ልክ ሲሰፋ ደግሞ ዓይኖቹ አሻግረው ለማየት በጥቂቱ ወደ ውጭ መዞር አለባቸው። ዓይን ወደ ውስጥ መዞር አይከብደውም፤ ቅርብ ነገር ባየን ቁጥር የሚያደርገው ነው። ወደ ውጭ መለጠጥ ግን ከተፈጥሮው ውጭ ነው፤ ግንባርን ሰቅዞ የሚይዘው ሕመም አንዱ መነሻው እዚህ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ምስሎች ከሰውየው ይበልጥ ለተራራቁ ዓይኖች አስልቶ ከሣላቸው ዓለሙ በሙሉ አንሶ ይታያል፤ ይበልጥ ለተቀራረቡ ዓይኖች አስልቶ ከሣላቸው ገዝፎ ይታያል። የልጅቱ እጅ ያሰበችበት ቦታ አለመድረሱ ሊያስደንቀን አይገባም ነበር።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልምጣ። የአዋቂ ሰው የብሌን ርቀት በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪው ኒል ዶጅሰን መረጃዎቹን ሰብስቦ እንዳሳየው አብዛኞቹ አዋቂዎች የሚገኙት ከ50 እስከ 75 ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው፤ ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይጠብባሉ፤ ሕፃናት ደግሞ እስከ 40 ድረስ ይወርዳሉ። 63 ሚሊ ሜትር በስሌት የተገኘ ቁጥር ነው። ወንበራችን ላይ መጥቶ የሚቀመጠው ግን የራሱ ፊት፣ የራሱ አፍንጫ፣ የራሱ ዓይን ያለው ሰው ነው። ያንን ሰው ትተን ለቁጥሩ መሣሪያ እንሠራለን፤ ሰውየው ሲታመም ደግሞ ሰውየውን እንከሳለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው! ውድ መሣሪያ መውቀስ ስለከበደን ደካማ ሆድ አለሽ ብለን ሠልጣኟን አሰናበትናት።

ማይክሮስኮፕ የምትጠቀሙ እዚህ አላችሁ። ሁለት መመልከቻ ያለውን ማይክሮስኮፕ ሌላ ሰው ከተጠቀመበት በኋላ ስትቀመጡ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? መመልከቻዎቹን ወደ ዓይናችሁ ልክ ትስባላችሁ። ሩቅ ማሳያ መነጽር ከመካከሉ የሚታጠፈውም ለዚሁ ነው፤ በብዙዎቹ ማጠፊያ ላይ ልኩ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ማይክሮስኮፕን «የማይቋቋም» ሠልጣኝ ብሎ የመዘገበ ላቦራቶሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዋ ኬይ ስታኒና ባልደረቦቿ ሴቶች በእነዚህ ማሳያዎች ከወንዶች ይበልጥ የሚታመሙት ለምን እንደሆነ መርምረው ነበር። ያገኙት ዋነኛ ምክንያት በሌንሶቹ መካከል ያለው ርቀት ከብሌኖቹ ርቀት ጋር አለመጣጣሙ ነው። ልካቸው በትክክል የተስተካከለላቸውና ቀድሞ በጉዞ የመታመም ልማድ የሌላቸው ሴቶች ስሜት ከወንዶቹ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ስንት ጊዜ «ሴቶች ይህ ነገር አይስማማቸውም» ሲባል ሰምታችሁ ዝም ብላችኋል? እኔም ዝም ብያለሁ። ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም!

ሠሪዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኦኩለስ ሪፍት የተባለው ማሳያ ሌንሶቹን የሚያቀራርብና የሚያራርቅ ተንሸራታች ነበረው። በ2019 የመጣው ሪፍት ኤስ ግን ሌንሶቹን አንድ ቦታ ላይ ቸንክሮ ማስተካከሉን ለሶፍትዌር ተወ። ሶፍትዌር ምስልን ያንቀሳቅሳል፤ ሌንስን አያንቀሳቅስም። የኦኩለስ ኩባንያ መሥራች የነበረው ፓልመር ለኪ እንኳ መሣሪያው ለእሱ ዓይን እንደማይሆን በአደባባይ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ክዌስት 2 የተባለው ማሳያ በሦስት ቦታ ብቻ የሚቆም ሌንስ ይዞ መጣ፤ 58፣ 63 እና 68። ክዌስት 3 በተሽከርካሪ ማስተካከያ ሌንሶቹን በሚፈለገው ልክ ወደ ማንቀሳቀስ ተመለሰ፤ አፕል ቪዥን ፕሮ ደግሞ ዓይንን ራሱ ለክቶ ሌንሱን በሞተር ይወስዳል። ይህን የምዘረዝረው መሣሪያ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ስክሪኑ ጥራት እንዳይሆን ነው። «ከስንት ሚሊ ሜትር እስከ ስንት ይሄዳል?» በሉ። «በሶፍትዌር እናስተካክላለን» የሚል መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ፈልጉ።

አለካኩ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ከሠልጣኙ ፊት ለፊት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ በዓይኑ ቁመት ተቀመጡ። ማስመሪያውን በአፍንጫው አናት ላይ አግድም አስደግፉ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና ግራ ዓይናችሁን ይመልከት፤ ዜሮውን ከቀኝ ብሌኑ መካከል ጋር አስተካክሉ። ማስመሪያው ሳይነቃነቅ ግራችሁን ጨፍኑና ቀኝ ዓይናችሁን ይመልከት፤ በግራ ብሌኑ መካከል ላይ ያረፈውን ቁጥር አንብቡ። ደጋግማችሁ ለኩ። ጠቆር ያለ ዓይን ላይ ብሌኑን ከዙሪያው መለየት ያስቸግራል፤ ያን ጊዜ ከአንደኛው ዓይን ጥቁር ክፍል ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ጥቁር ክፍል ውስጣዊ ጠርዝ ብትለኩ ልኩ ያው ነው። ከዚያ ማሳያውን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጋችሁ ጽሑፍ ለሠልጣኙ ጥርት ብሎ የሚታይበትን ቦታ ፈልጉ፤ ቀበቶውን አጥብቁ፤ ሌንሱንም በለካችሁት ቁጥር ላይ አቁሙ።

መነጽር ስለሚያደርጉ ሠልጣኞችና አፍንጫቸው ለአንድ ዓይን ቀረብ ስለሚል ሰዎች መናገር ነበረብኝ፤ ሰዓቱ አልበቃኝም። ስለ ልጆች ግን አንድ ነገር ልበል፤ የልጁ ልክ መሣሪያው ከሚወርድበት በታች ከሆነ አታጥልቁለት።

ከዛሬ ጀምሮ ከሁላችሁም የምጠይቀው ይህን ነው። «መሣሪያውን የማይቋቋሙ» የሚለውን ዓምድ ሰርዙት፤ በቦታው «የብሌን ርቀት በሚሊ ሜትር» ብላችሁ ጻፉ። ቀድሞ በዚያ ዓምድ ሥር ያሰፈራችኋቸውን ስሞች አውጥታችሁ ሰዎቹን ጥሯቸው፤ ለክታችሁ እንደገና አስቀምጧቸው። እኔ የራሴን መዝገብ ከፍቻለሁ፤ አሥራ ሰባት ስሞች አሉበት፤ እስከ አሁን ዘጠኙን አግኝቻቸዋለሁ።

ማስመሪያዎቹ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ከመውጣታችሁም በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ለኩ። አመሰግናለሁ።