ፊኛው የወደቀበት ሌሊት

የተከበራችሁ እናቶች፣ እኅቶች፣ እንዲሁም ለመውጣት እንዲመቻችሁ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ ምጥ እንድናገር ተጋብዣለሁ። አዋላጅ አይደለሁም። እዚሁ ለንደን ውስጥ በሆስፒታሎች አስተርጓሚ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን እኔው ራሴ አስተርጓሚ የሚያስፈልገኝ ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ 41 ሳምንት አለፈኝ። በዚህ አገር እርግዝና 41 ሳምንት ሲሞላ ምጥን በሕክምና ስለ ማስጀመር ይነሳል፤ ከዚያ እየቆየ ሲሄድ ለሕፃኑ የሚያሰጉ ነገሮች ይጨምራሉና። እምቢ ማለትም ይቻላል፤ እኔ ግን እሺ አልኩ። አዲስ አበባ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ «ማክሰኞ ምጤ ይጀምራል» ስላት ሳቀች። «ምጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በቀጠሮ የሚመጣው?» አለችኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ማክሰኞ ጠዋት የሕፃኗን የልብ ምት በመሣሪያ ተከታተሉ፣ የማኅፀኔንም በር መረመሩ። ገና አልለሰለሰም ነበር። ጫፉ ላይ ፊኛ ያለበት ቀጭን ቱቦ በማኅፀን በር አሳልፈው ፊኛውን በውሃ ሞሉት። ፊኛው በሩን ከውስጥ እየተጫነ ያለሰልሰዋል፣ ቀስ በቀስም ይከፍተዋል። በውስጡ ምንም መድኃኒት የለም። እናቲቱና ሕፃኑ ደኅና ከሆኑ ቤት ማደር የሚፈቀደውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የልብ ምቱን ዳግመኛ አይተው፣ ቱቦውን ጭኔ ላይ በፕላስተር ለጥፈው፣ «ነገ ጠዋት ተመለሺ፤ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሐኪሞቹ ይህን ሲሉ ውለታ እየዋሉልን ነው፤ በገዛ አልጋሽ ተኚ፣ የወደድሽውን ብዪ ማለታቸው ነው። በእኛ ጆሮ ግን «ወደ ቤትሽ ሂጂ» መመለስ ነው። አልጋ የለም፣ ወይም ጉዳይሽ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። አውቶቡስ ውስጥ እያለቀስኩ ሄድኩ። አስተርጓሚ በነፃ እናምጣልሽ ብለውኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ኩራት!

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽሮ ሠርቶ ጠበቀኝ፤ ጨው በዝቶበት ነበር፣ በላሁት። ሆዴን እንደ ወር አበባ ሕመም ቆረጥ ቆረጥ ያደርገኝ ጀመር። ከአዲስ አበባ ስልኩ አላቋረጠም። «ወለድሽ?» «አልወለድኩም።» «ማርያም በሽልም ታውጣሽ።» ቀኑን ለዘመድ ሁሉ በመናገሬ የተጸጸትኩት ያን ጊዜ ነው። ምጥ ማስጀመር ማለት በዚያው ቀን መውለድ አይደለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ተቀምጬ ሳለ ቱቦው ከነፊኛው ወጥቶ ወደቀ። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲከፈት ፊኛው በራሱ ይወጣል፣ መልካም ምልክትም ነው። ለእኔ አልነገሩኝም፣ ወይም ነግረውኝ አልገባኝም። የልጄ አካል የወጣ መስሎኝ እየተንቀጠቀጥኩ ደወልኩ፤ ቃሉ ግን ጠፋኝ። አማርኛችን የልጆች መጫወቻውንም በሆዳችን ያለውን የሽንት ከረጢትም «ፊኛ» ይለዋል። በድንጋጤ ሁለተኛውን ተረጎምኩና «የሽንት ፊኛዬ ወድቋል» አልኳት። በስልኩ ወዲያ ያለችው አዋላጅ ዝም አለች። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኋላ እንደ ተረዳሁት ይህን ዓይነት ቱቦ ፎሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሠራው ለሽንት ፊኛ ኖሯል፤ ስለዚህ ጨርሶ አልተሳሳትኩም ብዬ እከራከራለሁ።

በታክሲ ተመለስን። የሽርት ውሃውን አፈሰሱት፣ ምጡን የሚያበረታ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ይህኛው መድኃኒት በሆስፒታል ብቻ የሚሰጥ ነው። ማታ ልጄን ታቀፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ እናቶች አስተርጉሜያለሁ። አንዷን፣ ፈቃዷን ስለሰጠችኝ፣ ልጥቀስ። በጊዜያዊ መጠለያ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ሽንት ቤቱ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር የጋራ ነው። አዋላጇ በደግነት «ቤትሽ ብታድሪ ይሻልሻል» ስትላት እናቲቱ ወደ እኔ ዞራ «የትኛው ቤት?» አለችኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩት። አዋላጇ ብዕሯን አስቀምጣ ስለ ኑሮዋ መጠየቅ ጀመረች፤ ያን ሌሊት ሆስፒታል አደረች። ቤት ማደር የሚመከረው አብሮ የሚያድር ሰው፣ የሚሠራ ስልክና መመለሻ መኪና ላላት ነው። ከሌለሽ ንገሪያቸው፤ አያሳፍርም። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም የደም ግፊት ያላት ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው እንድትቆይ ነው የሚመክሯት።

የተደረገልሽ ፊኛ ይሁን መድኃኒት ጠይቀሽ ውጪ። ሰውነትሽ ውስጥ እስከ 24 ሰዓት የሚቆይ መድኃኒት ከሆነ ምጡ ፋታ ሳይሰጥ ሊደራረብ ይችላል። ምጡ ከተደራረበ፣ ደም ከፈሰሰ፣ የሽርት ውሃ ከመጣ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ከሁሉም በላይ ልጁ እንቅስቃሴውን ከቀነሰ፣ ሌሊት ነው፣ አስቸግራቸዋለሁ አትበዪ፤ ደውዪ። እንግሊዝኛው ቢጠፋሽ ስምሽን ተናገሪና «አማርኛ» በዪ፤ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙሻል። ምናልባት እኔው እሆናለሁ።

እነዚህን ምልክቶች በአማርኛ ጽፈን ከቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀምጠናል። አባቶችም ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፤ በዚያ ሰዓት ስልኩን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።